«ዜጋ ነዎት?»

ባላምባራስ ወልደጻድቅ ወርቅአገኘሁን የሰደቡት በአርባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ሃያ ሁለት፣ የዑራኤል ለት፣ ልጃቸውን ይመኙሻልን በዳሩበት ዳስ ውስጥ ነው። ሥጋው ተቆርጦ፣ ጠጁ አንድ ዙር ዞሮ፣ ሁለተኛው ሊቀዳ ሲል ነበር።

ወርቅአገኘሁ የጋብቻውን ውል እንዲያነብ ተጠርቶ ነው የሄደው። ዳዊት ጨርሶ፣ ደብረ ብርሃን ተማሪ ቤት አራተኛ ክፍል የደረሰ ሰው በሳር አምባ አጥቢያ ሌላ አልነበረማ። አንብቦ ሲጨርስ አንዱ አሳላፊ እጁን ይዞ ከመምሬ ገብረአብ አጠገብ፣ ከባለርስቶቹ ተርታ አስቀመጠው። የመጀመሪያዋን ጉርሻ ሳይውጣት ባላምባራስ ከመደቡ ላይ ሆነው፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ፣ «ይህን ዜጋ ከሰው መሀል ማነው ያስቀመጠው?» አሉ።

ለእሱ አልነበረም የተናገሩት። አንጀቱን ያሳረረውም ይኸው ነው። ሰው ሰውን ሲሰድብ ዓይን ለዓይን ተያይቶ ነው፤ እሳቸው ግን ከዳስ ውሻ እንደሚያስወጣ ሰው ለአሳላፊው ነገሩት። አሳላፊውም ያንኑ የያዘውን እጅ መልሶ ያዘና ወስዶ ከበሩ ሥር፣ ከጭሰኞቹ ኋላ ጎለተው። መምሬ ገብረአብ የንስሐ አባቱ ናቸው። ቁርጣቸውን እያላመጡ የዳሱን ምሰሶ አተኩረው ማየት ጀመሩ። ምሰሶው ላይ ምን ጽሕፈት እንዳገኙበት እግዜር ይወቀው።

ከተማ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ «ዜጋ ታዲያ ምኑ ስድብ ነው?» ይል ይሆናል። እንዲህ የሚል ሰው ያንን አገር አያውቀውም። በሳር አምባ ዜጋ ማለት ርስት የሌለው፣ በሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ የሚያድር፣ ተነሥ ሲሉት ጓዙን ተሸክሞ የሚነሣ፣ አባቱን እንጂ አያቱን ቆጥሮ የማያውቅ ማለት ነው። የወርቅአገኘሁ አባት ከመንዝ ፈልሶ መጥቶ፣ የባላምባራስን አባት መሬት ሲያርስ ኖሮ እዚያው የሞተ ሰው ነበርና ቃሉ ውሸት አልነበረም። ውሸት ቢሆንማ ይረሳው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ወርቅአገኘሁ አንኮበር እየተመላለሰ ከወረዳው ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ እየጻፈ ኖረ። ባለርስቶቹ በድንበር ሲካሰሱ እሱ ዘንድ ይመጣሉ። «አቤት ጌታዬ» እያለ ይጽፍላቸዋል፤ በልቡ ደግሞ አንድ ባንድ ይንቃቸዋል። ወንድም ከወንድሙ ለአንድ ክንድ ቦይ ሰባት ዓመት ይካሰሳል፤ ፊርማህን አኑር ሲሉት ግን አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ፣ በነጭ ጋቢው ጠርጎ፣ ተኮፍሶ ይሄዳል። እነዚህ ናቸው ሰው የሚባሉት፤ እሱ ነው ዜጋ።

በአርባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ መንግሥት «ሕዝቡ እንደራሴውን ይምረጥ» አለ። ሳር አምባ እስከዚያ ቀን ድረስ መርጦ የሚያውቀው ዘርና በሬ ብቻ ነበር፤ እሱንም ቢሆን ደህና አድርጎ አይመርጥም። አዋጁ በገበያ ሲነገር ግማሹ «አዲስ ግብር ነው» ብሎ በጓሮ ዞሮ ገባ፤ ግማሹ «ኮሪያ ሊያዘምቱን ነው» ብሎ ልጁን ቆላ ሰደደ። ምረጡ ሳይሆን ታረዱ የተባሉ ነው የሚመስለው።

ከየአጥቢያው መጻፍ የሚችል አንዳንድ ሰው ለመዝጋቢነት ተለቅሞ ደብረ ብርሃን ተጠራ፤ ከሳር አምባ ከወርቅአገኘሁ በቀር የሚጠራ አልነበረም። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ከረባቱ ያነቀው የሚመስል ወጣት ቆሞ ደንቡን አነበበላቸው። መራጭ የሚሆነው ሃያ አንድ ዓመት የሞላው፣ በአጥቢያው የሚኖር፣ ኢትዮጵያዊ ዜጋ የሆነ ሰው ነው። መዝጋቢውም ይህን አንድ ባንድ፣ ቀርቦ ለቆመው ሰው በቃል ይጠይቃል። ለመመረጥ የሚፈልግም አስቀድሞ በመራጭነት መመዝገብ አለበት።

ከእነዋሪ የመጣ አንድ ሽበታም ሰው ብድግ ብሎ፣

«ጌታው፣ ዜጋ ነህ ወይ ብለን ጠይቀን በሰላም ቤታችን የምንገባ ይመስልዎታል?» አለ።

«ዜጋ ማለት በሕግ ያገር ሰው ማለት ነው። እኔ ራሴ ዜጋ ነኝ» አለ ወጣቱ።

«እርስዎማ ይሁኑ፤ ማን ከለከለዎት?» አለ የእነዋሪው ሰው። ሣቅ በሣቅ ሆነ።

ወጣቱ ቀላ። መቼም አንዱ ሲጨንቀው ሌላውን ማላላት የሹም ልማድ ነውና፣ «በጣም ካስቸገራችሁ ‘ያገር ተወላጅ ነህ ወይ?’ ብላችሁ ጠይቁ። ፍሬ ነገሩ አንድ ነው» አለ። መዝጋቢዎቹ ሁሉ እፎይ አሉ። ወርቅአገኘሁ ግን ይህችን ሁለተኛዋን ጥያቄ እንዳልሰማት ሊሆን ቆረጠ። ወደ አገሩ ሲመለስ ዳገቱም ብርዱም አልተሰማው፤ መንገዱን ሙሉ የሚያስበው አንዲት ነገር ብቻ ነበር። ባላምባራስ እንደራሴ መሆን ይፈልጋሉ፤ ይህን አገር ያውቃል። እንግዲያስ መጥተው፣ ከፊቱ ቆመው፣ በዚያው በገዛ አፋቸው፣ ሰው እየሰማ «ዜጋ ነኝ» ይሏታል። ከዚህ ሌላ ምንም አልፈለገም።

ምዝገባው የሆነው በጊዮርጊስ ደጅ፣ በሰንበቴው ቤት ውስጥ ነው። ጠረጴዛ ጠፍቶ የሰንበቴ ጠላ የሚጠመቅበትን ጋን በአፉ ደፍተው፣ ሳንቃ ጣሉበት። መጀመሪያ የመጡት ጭሰኞቹ ነበሩ፤ «ያልመጣ ይታሠራል» ተብለው መሆን አለበት። ከፊት የቆመው ገብረ ሕይወት የሚሉት የባላምባራስ አራሽ ነበር።

«ጣሊያን ሲገባ ተወልደህ ነበር?» አለው ወርቅአገኘሁ። ዕድሜውን የሚያውቅ ስለሌለ ሃያ አንድ ዓመትን የሚለካው በዚህ ነበር።

«ኧረ ምነው፣ ያኔ ጥጃ እጠብቅ ነበር!»

«ዜጋ ነህ?»

«አዎን ጌታው፤ የባላምባራስ ወልደጻድቅ።»

«የማን እንደሆንክ አልጠየቅኩህም።»

«ግዴለም ይጻፉት። ኋላ ጌታዬ አላወቅኩም ብለው እንዳይጣሉኝ።»

ወርቅአገኘሁ «ኢትዮጵያዊ» ብሎ ጻፈና ወረቀቱን ሰጠው። ገብረ ሕይወት ወረቀቱን ገልብጦ አይቶ፣ ስሞ፣ ኮፍያው ውስጥ ከተተው። ከኋላው የቆሙትም እንደዚያው አሉ፤ የባላምባራስ፣ የባላምባራስ፣ የባላምባራስ። አንዳቸውንም ቃሉ አልጎመዘዘውም። በሬ ቀንበሩን ይለምደዋል፣ አለ በልቡ ወርቅአገኘሁ፤ እነዚህ ግን ሳይጫንባቸው አንገታቸውን ያቀርባሉ። አንድ ጎረምሳ ብቻ «ጣሊያን ሲገባ እናቴ እኔን አርግዛ ነበር» ብሎ ተከራከረው።

«በሆድ ሆኖ መምረጥ የለም፤ ሂድ!»

«ከዚህ ሁሉ ሽማግሌ እኔ አልሻልም?»

«ትሻላለህ። ሂድ ግን።»

ባለርስቶቹ መምጣት ሲጀምሩ ነው ጨዋታው የጣመው። ወይዘሮ በሰለች ጃንጥላ አስይዘው ገቡ። ሴትም ትመርጣለች መባሉን ሰምተው፣ የእህታቸው ባል ሳይቀድማቸው ለመመዝገብ ነበር የቸኮሉት።

«ዜጋ ነዎት?» አላቸው።

ነጠላቸውን ካፋቸው ላይ አወረዱ። «ምን አልከኝ?»

«ዜጋ ነዎት ወይ ነው የምልዎት። ሕጉ ነው።»

«ሕጉን አባትህ ነው የጻፈው? እኔ በሰለች፣ ሰባት ቤት ቆጥሬ ርስት የምካፈል፣ ዛሬ ካንተ አፍ ይህን ልስማ? ምነው ጊዮርጊስ፣ ከደጅህ?» አሉና ጃንጥላ ያዡን እየገፉ ወጡ። በማግሥቱ አገሩ ሁሉ ሰምቶ ነበር።

ግራዝማች ኪዳነ ማርያም ግን ሰምተውም መጡ። በጠላት ጊዜ ዱር ነበሩና ማንም ደፍሮ ይጠይቀኛል አላሉም። እሳቸውም ለእንደራሴነት ይከጅላሉ፤ ከባለርስቱ አብዛኛው ወገናቸው ነው። ዘመዶቻቸውን አስከትለው፣ ከዘራቸውን ሳንቃው ላይ አጋድመው ቆሙ።

«ስሜን ታውቀዋለህ። ጻፍ።»

«ዜጋ ነዎት?»

«በል እስቲ ድገማት።»

«ዜጋ ነዎት?»

ከዘራው ተነሥቶ ሳንቃው ላይ አረፈ፤ የቀለሙ ጠርሙስ ዘለለ። «አምስት ዓመት ሙሉ ሥር እየማስኩ የከረምኩት ጠላት ሲወጣ ዜጋ ልባል ነው? በጊዮርጊስ! እንኳን እኔ፣ ከኔ ወገን አንድ ሰው ይህን ቤት ቢረግጥ ዘመዴ አይደለም!» ወገኖቻቸው እያጉረመረሙ ተከትለዋቸው ወጡ። ወርቅአገኘሁ ቀለሙን በረጋ እጅ ጠራረገ። አገር አቀናለሁ የሚል ሰው፣ አንዲት ቃል ወርውረህበት በሩን ሳያይ ይወጣል። እነዚህን ነው ሲፈራ የኖረው።

ከዚያ ወዲያ ከባለርስት የመጣ የለም። በመጨረሻው ሳምንት መምሬ ገብረአብ ወርቅአገኘሁ ቤት ድረስ ወረዱ።

«ልጄ፣ ባላምባራስ ለእንደራሴነት ሊቀርቡ ነው። ያልተመዘገበ አይቀርብም አሉኝ።»

«ይምጡና ይመዝገቡ፣ አባቴ።»

«ቤታቸው ሄደህ ጻፍላቸው።»

«መዝገብ ከሰንበቴው ቤት አይወጣም።»

«እንግዲያስ ያቺን ጥያቄ ተዋት።»

«ሕግ ነው።»

«ቂም ነው እንጂ! የዚያን ለት ነገር እስካሁን አልወጣልህም።»

«ቂምም ቢሆን በሕግ ነው። ደግሞ አንቱ ያን ለት ምሰሶ ሲመለከቱ አልነበር? ምን ሰሙና ነው?»

መምሬ መስቀላቸውን ሸሽገው ሄዱ። በማግሥቱ ከባላምባራስ ቤት አንድ ሙክት መጣ፤ ላቱ መሬት የሚጠርግ። ወርቅአገኘሁ «መልሱት» አለ።

ሚስቱ አስካለማርያም እጇን አጨበጨበች። «አንተ ሰው፣ ጤና የለህም? ስድብ አይበላ፤ ሙክት ይበላል።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ዜጋ ብሎኛል እኮ።»

«እና አይደለህም? የተቀመጥንበት የማን መሬት ነው? እኔን ጠይቀኝና አሥር ጊዜ ልበልህ፤ ሙክቱን ብቻ አስገባው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል!»

አላስገባም። ሙክቱን እየጎተቱ ሲመልሱት አስካለማርያም ሬሳ እንደሚሸኝ ሰው ከደጃፏ ቆማ ዓይኗን ጠረገች። ለእሱ እንዲህ አልቅሳለት አታውቅም።

የመጨረሻው ቀን ሰኔ አጋማሽ ላይ ዋለ። ጉሙ ከቆላው እየተነሣ አምባውን ሸፍኖት፣ ከሰንበቴው ቤት በር ላይ ሆኖ ቤተ ክርስቲያኑ አይታይም ነበር። ባላምባራስ መጡ መባሉ ተሰምቶ ጭሰኛው ሁሉ ተግተልትሎ ቤቱን ሞላው፤ ያልቻለው በመስኮት ተንጠላጠለ። ባለርስቶቹም ከሩቅ ቆመው ነበር አሉ፤ ወደ ውስጥ መግባቱን ግን ግራዝማች ምለውበታል።

ባላምባራስ ከበቅሎ ወርደው በሁለት ሰው ትከሻ ተደግፈው ገቡ። ወርቅአገኘሁ ልብ ብሎ ሲያያቸው አርጅተዋል። ካባው ያው ነው፤ ውስጡ ያለው ሰው ግን አንሶ፣ ጋን ውስጥ የገባ ዋንጫ መስለዋል። ደስ አላለውም። ያንኑ የዳሱን ሰው ነበር የሚፈልገው።

«ስምዎ?»

«ወልደጻድቅ።»

«ጣሊያን ሲገባ ተወልደው ነበር?»

ጭሰኞቹ ሳቁ። ባላምባራስ አልሳቁም። ወርቅአገኘሁ ብዕሩን ከቀለሙ ውስጥ ነከረ፤ ቸኮለ እንዳይባል አንጠባጥቦ አወጣው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ከመስኮት የተንጠለጠሉትም እንዲሰሙ አድርጎ፣

«ዜጋ ነዎት?» አለ።

መምሬ ገብረአብ ወደ ባላምባራስ ጆሮ ጠጋ ብለው «ቀን እስኪያልፍ ያባቴ ባሪያ ይግዛኝ ነው፣ ጌታዬ» ሲሉ ተሰሙ። ባላምባራስ በእጃቸው ገለል አደረጓቸው። ከናፍራቸው ተንቀሳቀሰ። ያ ሁሉ ዓመት የጠበቃት ቃል ከዚያ ከተሸበሸበ አፍ ላይ ስትደርስ ወርቅአገኘሁ በዓይኑ ያያት መሰለው።

ባላምባራስ ግን ዞር ብለው ገብረ ሕይወትን አዩት።

«አንተ ተመዝግበሃል?»

«አዎን ጌታዬ፣ ይኸው!» ኮፍያውን አወለቀ።

«ምን ብሎ ጠየቀህ?»

«ዜጋ ነህ ወይ ብሎ።»

«ምን አልከው?»

«የባላምባራስ ነኝ አልኩት። ይኼ ሁሉ እንደዚያው ነው ያለው።»

ባላምባራስ ቤቱን ቃኙት፤ ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ፣ በግ እንደሚቆጥር ሰው። ቀጥለው ወደ ወርቅአገኘሁ ተመለሱ። «ግራዝማች ኪዳነ ማርያምስ ተመዝግቧል?»

«አልተመዘገቡም።»

«ወገኖቹስ?»

ወርቅአገኘሁን ቀድመው መምሬ ገብረአብ መለሱ። «ይህችኑ ጥያቄ ሰምተው ምለው ወጡ። ከነሱ ወገን አንድም የለ።»

«በሰለችስ?»

«እሳቸውም።»

«እንግዲያ ከኔ ሰዎች በቀር መራጭ የለማ!» አሉ ባላምባራስ ቀስ ብለው። ከዚያ ሣቃቸው ከሆዳቸው ተነሣ። ደግፈዋቸው የቆሙት ሁለት ሰዎች አብረው ተንቀጠቀጡ። ወርቅአገኘሁ ያን ጊዜ ነው የገባው። ሲያባርር የከረመው ባላምባራስን ሊጥሉ የሚችሉትን ሰዎች ነበር፤ አንድ ባንድ፣ በገዛ አፉ፣ ከገዛ በሩ። የቀሩት የሳቸው አራሾች ናቸው። ሙክትም ሳይበላ ሠርቶላቸዋል።

«ጻፍ» አሉ ባላምባራስ እንባቸውን እየጠረጉ። «ዜጋ ነኝ።» እንዲሁ ውሃ አምጣ እንደማለት አሏት። አልጎረበጠቻቸውም፤ ፊታቸው እንኳ አልከፋም። ወደ ጭሰኞቹም ዞረው፣ «ሰማችሁ? እናንተ የኔ ዜጋ፣ እኔ ደግሞ የናንተ ዜጋ! ከእንግዲህ ማን በማን ይኮራል?» አሉ።

ቤቱ ተናጋ። ከሴቶቹ አንዷ እልል አለች። ገብረ ሕይወት ኮፍያውን ወደ ጣሪያ ወረወረ፤ ነገ ማለዳ ሄዶ የባላምባራስን መሬት የሚያርሰው ሰውዬ። «የኛ ዜጋ! የኛ ዜጋ!» ይላል መንጋው፤ ከመስኮት የተንጠለጠለው ተቀብሎ ለውጪው ያስተላልፋል። ወርቅአገኘሁ ጻፈ። «ኢትዮጵያዊ» የምትለዋ ቃል እንደ ተማሪ ቤት ልጅ ጽሕፈት ተንጋደደች። ባላምባራስ የቀለበት ማኅተማቸውን ከወረቀቱ ላይ አሳረፉና፣ ሳይሄዱ እዚያው ቆሙ።

«ቆይ እስቲ። መምሬ ይህ ሰው ቂም ይዞብዎታል ይሉኛል። ሙክቴንም መልሰሃል አሉ።» ጎንበስ ብለው ፊቱን መረመሩት፤ የእውነት ነው የሚመረምሩት፤ የሚያውቁት ፊት አይደለም። «ምን አድርጌህ ነው?»

ጩኸቱ እየበረደ ሄደ። ሰው ለመስማት ተጠጋ።

«ሰድበውታል ይላሉ። መቼ? ምን ብዬህ? ይኸው በጊዮርጊስ ደጅ፣ በሰው ፊት ንገረኝ። በድዬህ ከሆነ ድንጋይ ተሸክሜ እግርህ ላይ እወድቃለሁ፤ የመቶ ሰው እንደራሴ ልሆን የአንድ ሰው ዕዳ ይዤ አልሄድም።»

«ንገራቸው እንጂ!» አለ ገብረ ሕይወት። «ምን ብለውህ ነው?»

ወርቅአገኘሁ አፉን ከፈተ። ቀኑን ያውቃታል፣ ለቱን ያውቃታል፣ ጠጁ ስንተኛ ዙር ላይ እንደነበር ያውቃል። ቃሉ ግን አንዲት ነበረች፤ እሷንም ይህ ቤት ሙሉ ሰው አሁን ገና እልል ብሎ ተካፍሏታል። «ዜጋ ብለውኛል» ቢል ምን እንደሚሆን ታየው። መጀመሪያ ዝም ይላሉ። ቀጥሎ ገብረ ሕይወት «ይኼው ነው?» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሣቅ እስከ አልዩ አምባ ገበያ ድረስ ይሰማዋል። መምሬ ገብረአብ ያውቁታል፤ እሳቸው ግን እንደ ልማዳቸው ጣሪያውን እያዩ ነበር።

ብዕሩን ጠርጎ ከኪሱ ከተተ። መዝገቡን አጠፈና በመምሬ እቅፍ ላይ አኖረው። ሰዉ መንገድ ሲለቅለት፣ አንዱንም ሳይነካ፣ አንዱንም ሳያይ ወጣ።

«ኧረ እናንተ፣ ምንድነው ያልኩት?» ይላሉ ባላምባራስ ከኋላው።

ጉሙ ውስጥ ገባ። ጭቃው ጫማውን እየያዘበት ቁልቁል ወረደ።